ነገረ እሳት ወነፋስ፦ የላፕቶፕን ሙቀትና ማራገቢያ በሊኑክስ ስለ ማስተዳደር የተደረገ ዳሰሳ

አንጥረኛ በወናፉ የሚነፋው ነፋስና በላፕቶፕ ሆድ ውስጥ የምትሽከረከረው ማራገቢያ የምታወጣው ነፋስ በባሕርያቸው አንድ ሲሆኑ በግብራቸው ተቃራኒዎች ናቸው፤ የፊተኛው ፍሙን አቀጣጥሎ ብረቱን ለማለስለስ፣ የኋለኛው ሲሊከኑ የወለደውን ግለት ጠርጎ ከቤቱ ለማስወጣት ይነፍሳልና። ሆኖም ሁለቱንም አንድ ሕግ ያስተዳድራቸዋል፤ ይኸውም ነፋሱ ሲያንስ ሥራው ይበላሻል፣ ሲበዛም ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል። ስለዚህ ወናፍ የሚነፋው ልጅ ዓይኑን ከፍሙ ላይ እንዳይነቅል እንደሚታዘዝ ሁሉ፣ ማራገቢያን አዛለሁ ብሎ የተነሣም ሰው ዓይኑ በእውነት በፍሙ ላይ መሆኑን አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል።

ሊኑክስን በላፕቶፑ ላይ የጫነ ሰው ወደዚህ ጉዳይ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በተመራማሪነት ሳይሆን በምሬት ነው፤ ወይ በሌሊት ጸጥታ ፋኑ ያለ በቂ ምክንያት ሲጮኽበት፣ ወይ የማሽኑ ሆድ ጭን የሚያቃጥል እስኪሆን ድረስ ፋኑ ሳይነሣ ሲቀርበት፣ «ይህን ነገር እኔ ራሴ ባዘውስ» ብሎ ይነሣል። በዚህ አሳብ የተነሡ ሰዎች ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ያህል ብዙ መንገድ ቀይሰዋል፤ የእነዚህን መንገዶች ጠባይ አንድ በአንድ ማየት፣ ከሁሉም በላይ ግን ማራገቢያን ያዘዘ ሰው በምን ግዴታ ሥር እንደሚገባ መመርመር የዚህ ዳሰሳ አሳብ ነው።

አስቀድሞ የሙቀቱን ምንጭ ማወቅ ይገባል። ፕሮሰሰር የሚቀበለው ኤሌክትሪክ ሁሉ በመጨረሻ ወደ ሙቀት የሚለወጥ ሲሆን፣ ትራንዚስተሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚፈጁት ኀይል ከሥራው ፍጥነት ጋር እኩል በእኩል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል፤ ከፍ ባለ ፍጥነት መሮጥም ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚጠይቅ፣ በፍጥነት ላይ የተጨመረች ጥቂት ትርፍ በሙቀት ላይ ብዙ ዕዳ ታስከትላለች። ማራገቢያው ይህን ሙቀት አያጠፋውም፤ በመዳብ ቱቦ ተጉዞ ወደ ስስ የብረት ክንፎች የደረሰውን ግለት በአየር ጭኖ ወደ ውጭ ያወጣዋል እንጂ። የማራገቢያም ሕግ ጥብቅ ነው፤ የሚያሳልፈው አየር ከዙሩ ፍጥነት ጋር እኩል ሲያድግ የሚፈጀው ኀይል በኩብ ስለሚያድግ፣ አየሩን እጥፍ ለማድረግ የፈለገ ስምንት እጥፍ ኀይል ይከፍላል፤ ጩኸቱም በላዩ ይመረቅለታል። ከዚህ የተነሣ ነፋስን ከማብዛት ይልቅ እሳቱን መቀነስ ብዙ ጊዜ ርካሽ መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ልብ ይበል።

ሁለተኛው ሊታወቅ የሚገባው የሥልጣኑ ተዋረድ ነው። በእናት ቦርዱ ላይ ‹ኢምቤድድ ኮንትሮለር› የተባለ ትንሽ ቺፕ ተቀምጧል፤ ይህ ቺፕ የቁልፍ ሰሌዳውን፣ የባትሪውን አሞላልና የማራገቢያውን ዙር የሚጠብቅ ዐቃቤ ሲሆን፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሊኑክስም ቢሆን ዊንዶውስም ቢሆን፣ ፋብሪካው በጻፈለት ሰንጠረዥ እየተመራ ተግባሩን ይፈጽማል። ከእርሱ በላይ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ያወጡት ‹ኤሲፒአይ› የተባለው ሥርዓት አለ፤ እርሱም ማራገቢያ የሚነሣበትን፣ ፕሮሰሰሩ የሚዘገይበትንና ማሽኑ የሚጠፋበትን የሙቀት ደረጃ ለይቶ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይነግራል። ቀጥሎ ከርነሉ፣ በመጨረሻም የተጠቃሚው ስክሪፕት ይመጣል። ከሁሉ በታች ግን ፕሮሰሰሩ ራሱ የራሱ ዘበኛ ሆኖ ቆሟል፤ አብዛኞቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቃረቡ ራሳቸውን ያዘገያሉ፣ ሙቀቱ ከዚያም አልፎ ከጸና ማሽኑ እንዲጠፋ ያደርጋሉ። እንግዲህ ስክሪፕት ጻፊው ቀድሞ የተሾመ ዐቃቤ ባለበት ግቢ የሚገባ እንግዳ እንጂ ባዶ ዙፋን ላይ የሚቀመጥ አይደለም።

ከመንገዶቹ ሁሉ ሰፊውና ሥርዓት ያለው በፋይል የሚኬድበት ነው። ሊኑክስ መሣሪያን እንደ ፋይል የማንበብንና የመጻፍን ትምህርት ከዩኒክስ ስለ ወረሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ከወጣው ከርነል 2.6 ጋር ‹ሲስ› የተባለ ማኅደር ተበጅቶለት፣ የሙቀትና የማራገቢያ መረጃም በዚያ ውስጥ ‹ኤችደብሊውሞን› በሚባል ክፍል ተሰብስቧል። በዚያ የሙቀት ፋይል ተከፍቶ 47000 የሚል ቍጥር ቢገኝ፣ ሙቀቱ በሺኛ ዲግሪ ስለሚጻፍ 47 ዲግሪ ማለት ነው እንጂ ማሽኑ ተቃጠለ ማለት አይደለም፤ የማራገቢያው ፋይል 2900 ቢል በደቂቃ 2900 ዙር ማለት ነው፤ ‹ፒደብሊውኤም› የተባለው ፋይል ደግሞ ከ0 እስከ 255 ያለ ቍጥር እየተቀበለ ለማራገቢያው የሚሰጠውን ኀይል ይመጥናል። ከአጠገቡ ያለው ‹ኢኔብል› የተባለ ፋይል የሥልጣን ማኅተም ነው፤ እንደ ደንቡ 1 ሲጻፍበት አዛዡ ሰው ይሆናል፣ 2 ሲጻፍበት ትእዛዙ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ይህች የ1ና የ2 ልዩነት የጥበቡ ሁሉ ማሰሪያ ስለ ሆነች ኋላ ወደ እርስዋ እንመለሳለን።

በዚህ መንገድ ቀዳሚውን አገልግሎት የሰጠው ‹ኤልኤም ሴንሰርስ› የተባለው የፕሮግራሞች ስብስብ ነው። አንዱ ሴንሰሮቹን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ንባባቸውን በተርሚናል ላይ ያሳያል፤ ሦስተኛው እያንዳንዱን ማራገቢያ በየተራ አቁሞ የትኛው ፋይል የትኛውን እንደሚያዝ ይመዘግባል፤ አራተኛው፣ ‹ፋንኮንትሮል› የተባለው፣ በባሽ የተጻፈ ተራ ስክሪፕት ሆኖ በተወሰነ ሰኮንድ ልዩነት ሙቀቱን አንብቦ ኀይሉን ያስተካክላል። የዚህ ስክሪፕት ደራሲዎች ጥንቃቄ ከአንዲት ነገር ይታወቃል፤ ማራገቢያ መዞሩን ለመቀጠል ከሚያስፈልገው ኀይል ይልቅ ከቆመበት ለመነሣት የሚያስፈልገው ስለሚበልጥ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ማለት ነው፣ ለመነሻና ለማቆሚያ ሁለት የተለያዩ ቍጥሮች እንዲሰጡት ይጠይቃል። ይህን ሳያውቅ ለቆመ ማራገቢያ አነስተኛ ቍጥር የጻፈ ሰው፣ ስክሪፕቱ «ታዝዟል» ሲለው ማራገቢያው ግን በተኛበት ይቀርበታል።

የዚህ መንገድ ታሪክ ግን ያለ እንቅፋት አልሄደም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሴንሰር ፈላጊው ፕሮግራም በአንዳንድ የአይቢኤም ቲንክፓድ ላፕቶፖች ውስጥ ሲዳስስ፣ የማሽኑን መለያ መረጃ የያዘችውን ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ እስከ ማበላሸት ደርሶ ማሽኖቹ አልነሣ ስላሉ፣ የከርነሉ ድራይቨር የአይቢኤም ማሽን መሆኑን ሲያውቅ ሥራውን እምቢ እንዲል ተደርጎ ነበር። መጠየቅ ብቻ እንኳ፣ ከማያውቁት ቺፕ ጋር ሲሆን፣ ያለ አደጋ እንዳልሆነ ከዚህ ይማሯል። ከዚህም ሌላ መንገዱ ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሰፊ ሲሆን፣ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ዐቃቤው ቺፕ ማራገቢያውን ለብቻው ስለሚይዘው፣ የሚጻፍበት ፋይል ጨርሶ አይገኝም፤ ሙቀቱ ይነበባል፣ ትእዛዙ ግን አይሰጥም። ስለዚህ ለየፋብሪካው የተለየ በር ተፈልጓል።

ከእነዚህ በሮች የተመሰገነው ራሱ የቲንክፓድ ነው። ለእርሱ የተጻፈው ድራይቨር ማራገቢያውን ከ0 እስከ 7 ባሉ ደረጃዎችና ‹ኦቶ› በሚል ቃል እንዲታዘዝ ያደርጋል፤ ከ7 በላይም መቈጣጠሪያውን ፈትቶ በሙሉ ኀይል የሚያስሮጥ ደረጃ አለው። ይሁን እንጂ በሩ በተፈጥሮው የተዘጋ ነው፤ ተጠቃሚው ድራይቨሩ ሲጫን «ማራገቢያውን ማዘዝ እፈልጋለሁ» ብሎ በግልጽ ካልፈቀደ አይከፈትም። ከዚህም የሚበልጠው ‹ዋችዶግ› የተባለው ጠባቂ ነው፤ ከ1 እስከ 120 ሰኮንድ ይሞላል፣ አዛዡ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ቃል እንኳ ካልተናገረ «ጌታዬ ሞቷል» ብሎ ማራገቢያውን ወደ ማሽኑ አስተዳደር ይመልሰዋል። ‹ቲንክፋን› የተባለው ፕሮግራም የሚሠራው በዚህ በር ነው።

በዴል ላፕቶፖች ማሲሞ ዳል ዞቶ የጀመረው መንገድ ትእዛዙን ወደ ባዮስ የሚያቀርብ ሲሆን፣ ዕርከኖቹ ጥቂት፣ በብዙዎቹ ዝም፣ ቀስ እና ፈጠን ብቻ ናቸው፤ ባዮሱም ሥልጣኑን በፈቃዱ ስለማይለቅ፣ ሰውየው የጻፈውን ወዲያው ሲሽርበት ይታያል። በአፕል ማሽኖች የማራገቢያው ዝቅተኛ ዙር ከፍ እንዲል የሚታዘዝበት ድራይቨርና በእርሱ ላይ የተሠራ ‹ኤምቢፒፋን› የተባለ አገልጋይ አለ። በር ለሌላቸው ላፕቶፖች ደግሞ ‹ኤንቢኤፍሲ› የተባለው ፕሮግራም በቀጥታ ወደ ዐቃቤው ቺፕ ሬጅስተሮች ገብቶ ይጽፋል፤ ይህ መንገድ ለየሞዴሉ በተዘጋጀ የማዋቀሪያ ፋይል ስለሚመራ፣ የጎረቤትን ሞዴል ፋይል «ይመሳሰላል» ብሎ መጫን የሌላውን ሰው መድኃኒት እንደ መጠጣት ነው። ያቺው ሬጅስተር በአንዱ ማሽን ማራገቢያን፣ በሌላው የባትሪን አሞላል ልትገዛ ትችላለችና።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ነፋስ ነው፤ እሳቱን ከምንጩ መቀነስ ግን ሌላ ምዕራፍ ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ‹ኖ ተርቦ› በተባለው ፋይል 1 ቢጻፍ፣ ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ መዝለሉን ይተዋል፤ በጽሑፍና በድረ ገጽ ንባብ ለሚውል ሰው ልዩነቱ ብዙም ሳይታወቀው ሙቀቱ ይረግባል። ‹ፓወርካፕ› በተባለው ክፍል የፕሮሰሰሩ የኀይል ጣሪያ በማይክሮዋት ይጻፋል፤ 15 ዋት የፈለገ 15000000 ብሎ ይጽፋል ማለት ነው። የኢንቴል ባለሙያዎች ያዘጋጁት ‹ተርማልዲ› ይህንኑ በራሱ ይከታተላል። ቮልቴጁን ዝቅ የማድረግ ጥበብም አንድ ጊዜ በጣም ተወዶ ነበር፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ተመራማሪዎች በዚያው በር ገብተው ፕሮሰሰሩን በማሳሳት የተሰወረ ምስጢር ማውጣት እንደሚቻል ‹ፕላንደርቮልት› በተባለው ሥራቸው ስላሳዩ፣ በብዙ ማሽኖች በሩ በባዮስ ማሻሻያ ተቈልፏል። ይህም ለማቀዝቀዝ የተከፈተ ቀዳዳ ለሌባም መግቢያ ሊሆን እንደሚችል ያስተምራል።

በዚሁ አንጻር እ.ኤ.አ. በ2021 ከከርነል 5.12 ጋር የገባው ‹ፕላትፎርም ፕሮፋይል› ልዩ ምስጋና ይገባዋል። እዚህ ላይ ተጠቃሚው ዙር አይቈጥርም፣ ቮልት አይመዝንም፤ «ኀይል ቈጥብ»፣ «ሚዛን ጠብቅ» ወይም «ብርታትህን አውጣ» ብሎ አሳቡን በአንዲት ቃል ይናገራል፣ ዝርዝሩን ደግሞ ማሽኑን የሚያውቀው ዐቃቤ ይፈጽመዋል። ማሽኑ ይህን በር ከሰጠ፣ በእኔ ፍርድ፣ ከማናቸውም የራስ ስክሪፕት በፊት ሊሞከር የሚገባው ይህ ነው።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎት ስክሪፕት ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው የሚጀምረው ከአምስት መስመር ነው፦ ሙቀቱን አንብብ፣ ከወሰኑ ጋር አስተያይ፣ ቍጥሩን ጻፍ፣ አምስት ሰኮንድ ተኛ፣ እንደ ገና ጀምር። የመጀመሪያው እንቅፋት የሥልጣን ነው፤ ‹ሱዶ› ብሎ በ‹ኤኮ› የጻፈውን ቍጥር በቀስት ምልክት ወደ ፋይሉ ሲልክ «ፈቃድ የለህም» ይባላል፤ ምክንያቱም ሱዶ ሥልጣን የሰጠው ለኤኮ ሲሆን፣ ፋይሉን የሚከፍተው ግን ሥልጣን ያልተሰጠው የተጠቃሚው ሼል ነው። ቍጥሩን ‹ቲ› ለተባለው ትእዛዝ አቀብሎ ሱዶውን ከቲ ፊት ያደረገ ሰው ከዚህ ይወጣል። ሁለተኛው እንቅፋት የወሰን ነው፤ 60 ዲግሪ ላይ ተነሥ፣ ከ60 በታች ተኛ የተባለ ማራገቢያ፣ ሙቀቱ በ59ና በ61 መካከል ሲዋልል፣ እርሱም በየአምስት ሰኮንዱ እየተነሣና እየወደቀ ጆሮን ያደክማል፤ ስለዚህ መነሻው 60 ከሆነ መተኛው 52 ያህል ሊሆን ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ለማራገቢያው የትዕግሥት ስፍራ ነው።

ሦስተኛው እንቅፋት የስክሪፕቱ ሞት ነው። ስክሪፕቱ በስሕተት ቢቋረጥ፣ ተርሚናሉ ቢዘጋ፣ ያ ማኅተም 1 እንደ ሆነ ይቀራል፤ ማራገቢያውም የመጨረሻውን ትእዛዝ እንደ ኑዛዜ ይዞ፣ ፍሙ ቢነድም ቢጠፋም፣ በዚያው ዙር ይኖራል። ስለዚህ ጥሩ ጸሓፊ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በአንዱ ‹ትራፕ› በተባለው ትእዛዝ «በማናቸውም ምክንያት ስወጣ 2ን ጻፍ» ብሎ ይናዘዛል፤ በግድ የተገደለ ስክሪፕት ግን ትራፑንም ለመፈጸም ጊዜ ስለማያገኝ፣ ስክሪፕቱ ከሞተ በኋላ አገልግሎቶችን የሚያስተዳድረው ‹ሲስተምዲ› የሚፈጽመው ሌላ የመመለሻ ትእዛዝ ያኖርለታል። ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነቃ ዐቃቤው ሥልጣኑን መልሶ የሚይዝበት ጊዜም ስላለ፣ ስክሪፕቱ ከእንቅልፍ በኋላ ማን አዛዥ እንደ ሆነ እንደ ገና ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ ጠብቄ ሳለሁ በራሴ የደረሰውን ልናገር። አንድ ሌሊት አንድ ረጅም ቪድዮ ወደ ሌላ ቅርጽ እንዲለወጥ አዝዤ፣ ማሽኑ ጸጥ ብሎ ሲሠራ በስክሪፕቴ ደስ ብሎኝ ተቀምጬ ነበር። በመስኮቱ ጥግ የሚጻፈው መዝገብ «41 ዲግሪ፣ ደረጃ 1»፣ ቀጥሎም «42 ዲግሪ፣ ደረጃ 1» ይላል። ነገር ግን አርባ ደቂቃ ይፈጃል ያልሁት ሥራ ሰዓት ተኩል አልፎትም አላለቀም፤ እጄን በቁልፎቹ የላይኛው ረድፍ ላይ ባሳርፍ እንደ ምጣድ ዳር ይፋጃል። በሌላ መስኮት ሴንሰሮቹን ሁሉ ብጠይቅ ፕሮሰሰሩ 97 ዲግሪ ላይ ቆሞ ራሱን እያዘገየ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በኤችደብሊውሞን ክፍል ያሉ መሣሪያዎች የሚጠሩበት ተራ ቍጥር ማሽኑ በተነሣ ቍጥር ሊለዋወጥ ይችላል፤ ትናንት 3ኛው ፕሮሰሰሩ ነበር፣ ከከርነሉ ማሻሻያ በኋላ ግን 3ኛው የኤስኤስዲው ዲስክ ሆኗል። ስክሪፕቴ «3» ብሎ ስለ ጻፈ፣ የቀዘቀዘውን ዲስክ እያነበበ ለሚነደው ፕሮሰሰር ይፈርድ ነበር።

ዋችዶጉስ የት ነበር? በቦታው ነበር፤ 120 ሰኮንድ ሞልቼዋለሁ። ነገር ግን ስክሪፕቴ በየአምስት ሰኮንዱ «ደረጃ 1» እያለ በሙሉ ልብ ስለሚናገር፣ ጠባቂው «ጌታዬ ሕያው ነው» ብሎ አርፎ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ሌሊት ወዲህ የተማርሁት ይህ ነው፦ ጠባቂ ዝም ካለ አዛዥ ያድናል እንጂ እየተሳሳተ ከሚናገር አዛዥ አያድንም። መድኃኒቱ መሣሪያውን በቍጥሩ ሳይሆን በእያንዳንዱ ማኅደር ውስጥ ባለው ‹ኔም› በተባለ ፋይል በስሙ መጥራት፣ ከአንድ ሴንሰር ይልቅ ከሁሉም የሚበልጠውን ንባብ መያዝ፣ ንባቡ ባዶ ወይም ከልክ የወጣ ቢሆን ያለ ክርክር ማራገቢያውን ለማሽኑ መመለስ ነው።

የሌላውን ሰው የሙቀት ሰንጠረዥ እንዳለ መቅዳትም ሌላ ስሕተት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ እኩል ሙቀት ካለው የባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው በደቂቃ 3000 ጊዜ ቢዞር የሚያሳልፈው የአየር ይዘት በዱባይም በአዲስ አበባም አንድ ሲሆን፣ ግለቱን የሚሸከመው የአየሩ ክብደት ግን እዚህ ያንሳል። የከተማይቱ ብርድ ይህን ጕድለት በከፊል ይክሳል፤ በከፊል ብቻ። በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው የተመጠነ ዙር ለደጋው ሰው ላይበቃው ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ሰንጠረዡን በቤቱ፣ በማሽኑና በሥራው ልክ ሊፈትን ይገባል። በክንፎቹ መካከል እንደ ጥጥ የተነጠፈን አቧራና ደርቆ የተሰነጠቀን የፕሮሰሰር ፔስት ደግሞ ማንም ስክሪፕት አይጠርገውም፤ ብዙ ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ከባሽ በፊት ብሎን መፍቻ ቢያነሣ ይሻለዋል።

እንግዲህ ከተዳሰሱት መንገዶች የምመርጠው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ አስቀድሞ ማጽዳት፣ ቀጥሎ ማሽኑ የሰጠውን ፕሮፋይል መሞከር፣ ከዚያ እሳቱን ከምንጩ መቀነስ፣ ይህ ሁሉ ካልበቃ ከፋብሪካው በታወቀ በር ማራገቢያውን ማዘዝ፣ በሬጅስተር በኩል መግባትን ግን ለመጨረሻ ማቆየት። ዛሬ በማሽኔ ላይ ያለው ስክሪፕት ሠላሳ መስመር ያህል ነው። ከእነዚያ ውስጥ ማራገቢያውን የምታዘው አንዲት መስመር ስትሆን፣ የቀሩት ንባቡን ስለ መጠራጠርና ማኅተሙን ወደ 2 ስለ መመለስ የተጻፉ ናቸው።